በየረድፉ ሰባት ሳጥን

መሪጌታ ጥበቡ አልሞቱም። ይህን የሚያውቁት ግን እሳቸው ብቻ ነበሩ።

ሰው ሁሉ ወደ ተኙበት ክፍል ሲገባ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፣ ከንፈሩን ይመጥጣል፣ «አይ የኔታ! ስንቱን ያስቀኘ አንደበት!» ይላል፤ ከዚያ እዚያው ፊታቸው ቁጭ ብሎ ያማቸዋል። አንዷ ጎረቤት ባለፈው መጥታ «ምነው ባሳረፋቸው» ብላ ስትወጣ፣ መሪጌታ በልባቸው «ምነው አንቺን ባሳረፈሽ! እኔ መች ደከመኝ አልሁሽ?» ብለው መለሱላት። አልሰማችም። ማንም አይሰማም። ከወደቁ ወዲህ ከአፋቸው «እእእ» ከሚል ድምፅ በቀር የወጣ ነገር የለም። እጅና እግራቸው አልታዘዝ ብሏል። ዓይናቸው ያያል፤ ግን ወደ ፈለጉበት አይዞርም፣ ሽፋሽፍታቸውም ደስ ባለው ጊዜ ነው የሚከደነው። ጆሯቸው ይሰማል፣ ልባቸውም እንደ ድሮው ቶሎ ይቆጣል። ሐኪሙ ባትሪ ዓይናቸው ላይ አብርቶ ሲያበቃ «አእምሯቸውም አብሮ ተጎድቷል፤ ከእንግዲህ ሰው አይለዩም» አለ። መሪጌታ ያንን ሐኪም ያልሰደቡት ስድብ የለም፤ ግማሹንም በግእዝ ነው የሰደቡት።

ከጉና ሥር፣ ቅኔ ሲያስተምሩ ከኖሩበት ደብር አንስተው ወደ ደብረ ታቦር ያመጧቸው ለሕክምና ይቀርባል ተብሎ ነው። ቤቱ ልጃቸው ሠርካለም የተከራየችው ሁለት ክፍል ቤት ነው። በመስኮቱ ቀኑን ሙሉ የባጃጅ ጥሩንባ ይገባል። እሳቸው ግድግዳውን ያያሉ፤ ታላቅ እኅታቸው ጌጤ ምራቃቸው እንዳያንቃቸው ብላ በጎናቸው ካዞረቻቸው ደግሞ በሩን ያያሉ። በሩን ያዩ ዕለት ይሻላቸዋል።

ይህ ሁሉ ባልከፋ። የሚያንገበግባቸው ሌላ ነው። መሪጌታ ልጃቸውን አስረው ነው የወደቁት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሠርካለም የመጨረሻ ልጃቸው ናት። እናቷ ገና ዳዴ ስትል ስለሞተችባት ያሳደጓት እሳቸው ናቸው፤ ፊደል ያስቆጠሯትም ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ነው። አድጋ ከተማ ወርዳ ኮምፒውተር ተማረች፤ ተመረቀች፤ እሰይ ተባለ። ከዚያ አንድ እሑድ ከቅዳሴ ሲወጡ ደጀ ሰላሙ ላይ ጠብቃ «አባ፣ ድሬዳዋ ሥራ አገኘሁ» አለቻቸው። ድሬዳዋ! መሪጌታ የታያቸው ባዶ ቤት ነበር። ታላላቆቿ አንድ በአንድ ሄደዋል፤ እሷም ልትሄድ ነው። ፈራሁ ብለው መናገር የማያውቁ ሰው ናቸውና ተቆጡ። ቅስናም ያላቸው ናቸውና መስቀላቸውን አወጡ፤ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት «በጴጥሮስ በጳውሎስ ሥልጣን ገዝቼሻለሁ! ይህን አገር ለቅቀሽ እንዳትሄጂ!» አሏት። ያን ዕለት ከደብረ ታቦር መጥተው አጠገባቸው የቆሙት ቄስ ይሻው አንገታቸውን ደፉ። ሠርካለምም ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ወጣች።

ግዝት በዚያ አገር የዋዛ ነገር አይደለም። የተገዘተ ሰው ካህኑ «ይፍታህ» እስኪለው ድረስ የተከለከለውን አይነካም፤ ቢነካ ደግሞ ለነፍሱ ያለው ሁሉ ይፈራለታል። መሪጌታ ቤታቸው ገብተው ወገባቸውን ሳያሳርፉ ነው የተጸጸቱት። ልጅቷን ጠርተው ይፍታሽ ሊሏት አሰቡ። ግን ኩራት! ዛሬ ብጠራት ተሸነፈ ትለኛለች አሉ፤ ነገ አሉ። በማግስቱም ነገ አሉ። ገና ሲደርስ፣ በዓሉን ምክንያት አድርጌ፣ አሉ። ገና ከመድረሱ በፊት አንድ ጠዋት ከአልጋቸው ሊነሡ ሲሉ ግራና ቀኛቸው ጠፋባቸውና ወደቁ። ያቺ አንዲት ቃል አፋቸው ውስጥ እንዳለች ቀረች።

ከወደቁ በኋላ ቄስ ይሻው ሊጠይቁ መጡ። ይሻው ዛሬ ሪዛቸው ሸብቷል እንጂ በልጅነታቸው ፊደል የቆጠሩትም ቅኔ የተቀኙትም ከመሪጌታ እግር ሥር ነው፤ ለሠርካለምም የንስሐ አባቷ ናቸው። ልጅቷ ቡና ልታቀርብ ስትል ከለከሏትና አስቀመጧት።

«ልጄ፣ ነገሩን ሳስበው ነው የሰነበትሁት» አሉ። «አባትሽ በአንደበታቸው ነው ያሰሩሽ፤ ሲፈቱሽም ቃሉን ማውጣት አለባቸው። እኔ የመምህሬን ግዝት እሳቸው በሕይወት እያሉ አልደፍርም። እንግዲህ... እግዚአብሔር ፈቅዶ ያረፉ ዕለት፣ ያኔ እኔው እፈታሻለሁ።»

«ኧረ አባ ይሻው፣ ምን ማለትዎ ነው! ይሰንብቱልኝ እንጂ!» አለች ሠርካለም።

መሪጌታ አልጋው ላይ ሆነው ሁሉንም ሰሙ። እንግዲያው የልጄ መፈቻ የእኔ ሞት ነው አሉ። ከዚያ ዕለት ጀምሮ ሞትን መለመን ያዙ። ሞት ግን እንደ ሌላው ሰው ሁሉ አልሰማቸውም።

አንድ ነገር ግን ሆነ። ዝንብ የቀኝ እጃቸው ሌባ ጣት ላይ አረፈች። ሊያባርሯት አሰቡ፤ መቼስ አይሆንም ብለው ተስፋ ቆርጠው ሳለ ጣቲቱ ብድግ አለች! ዝንቧ በረረች። መሪጌታ እንባቸው በጉንጫቸው ወረደ፤ ጌጤ «ዓይኑ ዛሬም ያለቅሳል» ብላ በነጠላዋ ጠረገችላቸው። ከዚያ ወዲህ ያቺን ጣት ቀን ከሌት ያለማምዷት ጀመር። ያየ ግን የለም፤ ጌጤ ብርድ እንዳይመታቸው ብላ እጃቸውን ሁልጊዜ በጋቢ ትሸፍናለች። አቤት የጌጤ ጋቢ! መሪጌታ ያንን ጋቢ የረገሙትን ያህል ሰይጣንን ረግመው አያውቁም።

ገና ባለፈ በሳምንቱ ገደማ የድሬዳዋ ሰዎች ደወሉ። ሠርካለም በሩ ላይ ቆማ ስታወራ መሪጌታ ይሰማሉ። ስልኩን ዘግታ ወደ አክስቷ ዞረች።

«እስከ ጥምቀት ማግስት እንጠብቅሻለን፣ ከዚያ ሌላ ሰው እንቀጥራለን ነው የሚሉት፣ እቴ ጌጤ።»

«ታዲያ ምን አልሻቸው?»

«ምን እላለሁ? ድሬዳዋ አልመጣም እላቸዋለሁ እንጂ።»

ሂጂ! አሉ መሪጌታ። ሂጂ ልጄ፣ ይፍታሽ፣ ሂጂ! ከጉሮሯቸው የወጣው ግን «እእእእ!» ነበር።

ጌጤ በድንጋጤ አማተበች። «ይኸው! አላልሁሽም? ድሬዳዋ ሲባል ነው የሚጮኸው! አእምሮው ቢሄድ ግዝቱ አልሄደም፤ እያስታወሰሽ ነው!»

ሠርካለም አልጋው አጠገብ ተንበረከከችና ግንባራቸውን ደባበሰች። «እሺ አባ። አልሄድም። የትም አልሄድም፤ አይዞዎት።»

«እእእእ!»

«እሺ፣ እሺ! በማርያም አልሄድም!»

በጮኹ ቁጥር ትምላለች፤ በማለች ቁጥር ይጮኻሉ። በመጨረሻ መሪጌታ ዝም አሉ። ዝም ሲሉ ጌጤ «አየሽ፣ ደስ አለው» አለች።

ሠርካለም አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ነበራት። የትምህርት ቤት ጓደኛዋ ፋሲል ሊጥለው ሲል ለምና የወሰደችው ነው። ባትሪው ሞቷል፤ ከሶኬት ከተነቀለ ወዲያው ይጠፋል። የራሱ ኪቦርድ ተበላሽቶ ሌላ ኪቦርድ በገመድ ተሰክቶለታል። በቤቱ ያለው ሶኬት ደግሞ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም መሪጌታ ራስጌ። ስለዚህ ላፕቶፑን በርጩማ ላይ አድርጋ አልጋው ጎን ታስቀምጠዋለች፣ ኪቦርዱን ፍራሹ ጠርዝ ላይ ታሳርፋለች፣ እሷ መሬት ላይ ምንጣፍ አንጥፋ ትቀመጣለች። መሪጌታ በጎናቸው በተኙ ቀን በሩ እንዳይታያቸው የሚከልላቸው ይህ እቃ ነው፤ አልወደዱትም።

«ምን ያደርግልሻል እሱ?» አለቻት ጌጤ።

«እጄ እንዳይረሳ ነው፣ እቴ። ለሕፃናት ፊደል የሚያስቆጥር ፕሮግራም ልሠራ ነው።»

ማሽኑ ደካማ ስለሆነ ሥዕልም ቀለምም አይችልም። የሚሠራው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበት ጥቁር መስኮት። ሠርካለም በዚያ መስኮት ላይ ፊደል ገበታውን ልትደረድር ፈለገች። ለአክስቷ እንዳስረዳቻት፣ አንዲት ነጭ ምልክት ከሀ ጀምራ ከረድፍ ረድፍ ቀስ እያለች ትወርዳለች። ልጁ የፈለገው ረድፍ ላይ ስትደርስ ከኪቦርዱ አንዱን ቁልፍ ይነካል። ያኔ ምልክቷ በዚያ ረድፍ ላይ ከግእዝ እስከ ሳብዕ ትሄዳለች፤ ልጁ ድጋሚ ሲነካ ያ ፊደል ከታች ይጻፋል። ጌጤ ፊደል አልቆጠረችም፤ «ይሁንልሽ» አለችና ባቄላዋን መፈልፈል ቀጠለች።

ሠርካለም ብዙ ደክማ ሲያልቅላት አስነሣችው። መስኮቱ ተሞላ። በምን? በሳጥን! ሀ የለ፣ ለ የለ፤ ባዶ ሳጥን፣ ባዶ ሳጥን፣ ባዶ ሳጥን። አጠፋችው፤ አስነሣችው። ያው ሳጥን ነው። የመስኮቱን ቅንብር ነካካች፣ ጽሑፉን አተለቀች፣ አሳነሰች፤ ሳጥኑ ተለቀ፣ ሳጥኑ አነሰ። በመጨረሻ ፋሲል ጋ ደውላ ስልኩን ጮክ አድርጋ አልጋው ላይ አስቀመጠችው።

«ያ ጥቁር መስኮት የእኛን ፊደል አይችልም» አለ ፋሲል። «ፎንቱ የለውማ! ፊደሉ ውስጡ በትክክል አለ፤ ማውጣት ነው ያቃተው።»

መሪጌታ ይህን ሲሰሙ ለመጀመሪያ ጊዜ ለዚያ ላፕቶፕ አዘኑለት።

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«ኔት ሲመጣ ፎንት አውርጂለት።»

«ኔት! ኔት መች አለና ነው የምትቀልድብኝ?»

«እንግዲያው በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፊዋ።»

«ፊደል ማስቆጠሪያውን በእንግሊዝኛ ፊደል? ጤና የለህም እንዴ አንተ?»

እሰይ የእኔ ልጅ! አሉ መሪጌታ። ሠርካለም ስልኩን ዘጋች፤ ጉልበቷን አቅፋ ግንባሯን ጉልበቷ ላይ ደፋች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አዩ። ያለቀሰችው ለሳጥኑ አልነበረም፤ ይህን ለማወቅ ቅኔ መማር አያስፈልግም።

ፕሮግራሙን ሳታጠፋው ነው የረሳችው። ነጯ ምልክት በሳጥኖቹ ላይ ትወርዳለች። መሪጌታ ሌላ የሚያዩት የላቸውምና እሷን ያያሉ። መነጽራቸውን ከወደቁ ወዲህ ያደረገላቸው የለም፤ ለሞተ አእምሮ መነጽር ምን ያደርጋል ብለው ነው መሰል። ፊደል ቢሆን ኖሮ ከዚያ ርቀት ባልለዩት ነበር። ሳጥን መቁጠር ግን መነጽር አይፈልግም። በየረድፉ ሰባት ሳጥን። ከላይ እስከ ታች ሰባት፣ ሰባት፣ ሰባት።

ሰባት!

ምልክቷ ታች ደርሳ ወደ ላይ ተመለሰች። መሪጌታ ዕድሜ ልካቸውን ሲያስቆጥሩ በኖሩበት ዜማ አብረዋት ወረዱ። ሀ። ለ። ሐ። መ። ሠ። ረ። ሰ። አንድም አልሳተችም። ሠርካለም ገበታውን የደረደረችው እሳቸው ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ባስቆጠሯት ተራ ነው። ሳጥኑ ባዶ ቢሆን ምን አለበት? ሦስተኛው ረድፍ ሐ ነው፣ ስድስተኛው ሳጥን ሳድስ ነው፤ ይህን ለማወቅ ማየትም አያሻ። ጣት አለኝ፣ አሉ። ጣት አለኝ፣ ፊደል አለኝ!

ግን ጣቲቱ ጋቢ ሥር፣ ኪቦርዱ ፍራሹ ጠርዝ ላይ። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ሠርካለም ፕሮግራሙን ስታስነሣ ስልኳ ጮኸ፤ ኪቦርዱን ገፋ አድርጋ ወደ ግቢ ወጣች። ጠርዙ ጋቢው ሥር ገብቶ እጃቸውን ነካ። መሪጌታ ላብ በላብ ሆነው ጣቲቱን አንሥተው አንዱ ቁልፍ ላይ አሳረፏት። ምልክቷ ወርዳ፣ ወርዳ የ ላይ ስትደርስ ተጫኑ። ከግእዝ ተነሥታ ሳድስ ላይ ስትደርስ ተጫኑ። ከታች አንድ ሳጥን ተጻፈች። ይ! ሁለተኛውን ጠበቁ። ምልክቷ እስከ ታች እስክትወርድ ነፍሳቸው ልትወጣ ነበር። ፈ ላይ ተጫኑ፣ ሳድስ ላይ ተጫኑ። ፍ!

መብራት ሄደ።

መስኮቱ ከነሳጥኑ ድርግም አለ። መሪጌታ ጥቁሩን መስታወት እያዩ መብራቷን በ«እእእ» ረገሟት፤ ጌጤ ከጓዳ «አዎ፣ መብራት ሄደች፤ ምን ይደረጋል» ብላ መለሰች።

መብራቱ ሲመለስ ከተራ ሆነ። የጥምቀት ዋዜማ ነው፤ ታቦታቱ ወደ ውኃው ይወርዳሉ፣ ከተማው ነጭ ለብሶ ወጥቷል። ጌጤ እንኳ «ታቦት ተሳልሜ ልምጣ» ብላ ወጣች። እልልታው በመስኮት ይገባል። ሠርካለም ብቻዋን ቀርታ አባቷን በጎናቸው አዞረቻቸው፣ ላፕቶፑን ሰካች፣ ያንን ፕሮግራም አስነሥታ ትንሽ አየችው።

«አልሆነልኝም አባ» አለች፣ ለግድግዳው እንደሚናገር ሰው። «አሁን የድሬዳዋዎቹን አልመጣም ልበላቸውና ይብቃን።» ስልኳን አወጣች። ኪቦርዱን ገፋችው።

ጣቲቱ ጠርዙን አገኘች። ምልክቷ ትወርዳለች፤ ሠርካለም ስልኳ ውስጥ ቁጥሩን ትፈልጋለች። ቀስ በይ ልጄ! እንደምንም ቀስ በይ! የ። ተጫኑ። ሳድስ። ተጫኑ። ከታች ሳጥን ተጻፈች።

ሠርካለም ቀና አለች። «ደግሞ ይህን ማን ነካው?»

ኪቦርዱን ከሥራቸው ሳበችው። መሪጌታ እዚያው ሊሞቱ ነበር።

«ይህ ጋቢ ነው የሚጫነው» አለችና ጋቢውን ገለጠች።

ጣቲቱ ፍራሹን ትመታ ነበር። ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ። የቀረው እጅ እንደ እንጨት ተጋድሞ፣ ያቺ አንዲት ጣት ብቻ ትነሣለች፣ ትወድቃለች። ሠርካለም ስልኩ ከእጇ ወደቀ።

«አባ?»

ጠብ።

«አባ! አንቱ ነዎት? ይሰሙኛል?»

ጠብ! ጠብ! ጠብ! ልጅቷ «ወይኔ! ወይኔ አባቴ!» ብላ ጮኸች፤ የሚሰማት አልነበረም፣ ሰው ሁሉ ታቦት ጋ ነው። ፕሮግራሙን እንደ አዲስ አስነሥታ ኪቦርዱን ከጣታቸው ሥር መለሰችው። ምልክቷ እንደገና ከላይ ጀመረች።

«ምን ያደርጋል አባ፣ ሳጥን እኮ ነው! ምን እንደሚጽፉ አይታየኝም!»

ቁጠሪዋ! አሉ መሪጌታ ተቆጥተው። ምን አስተማርሁሽ? ቁጠሪ! ምልክቷ የ ላይ እስክትደርስ ጠብቀው ተጫኑ። አንድ፣ ሁለት እያለች ስትሄድ ስድስተኛዋ ላይ ተጫኑ። ሠርካለም ዓይኗን ከሳጥኖቹ አልነቀለችም። ከንፈሯ መንቀሳቀስ ጀመረ። መጀመሪያ ያለ ድምፅ፣ ከዚያ በለሆሳስ፣ ከዚያ በዚያ ጭናቸው ላይ ሆና በቆጠረችበት ዜማ፦

«መጀመሪያ የተጻፈችው... የ፣ ዩ፣ ዪ፣ ያ፣ ዬ፣ ይ። ይህቺ... ፈ፣ ፉ፣ ፊ፣ ፋ፣ ፌ፣ ፍ...»

ሦስተኛዋ ላይ መሪጌታ ቀድመው ተጠንቅቀዋል። ተ። ራብዕ። «ታ» አለች ሠርካለም። ከዚያ በኋላ አልቆጠረችም፤ እጇን አፏ ላይ ጭና ታለቅስ ነበር። መሪጌታ ግን ሥራ ጀምረው የሚተዉ ሰው አይደሉም። ምልክቷ ሸ ላይ ደረሰች፤ ሳድስ ላይ ደረሰች። ሽ።

አራት ባዶ ሳጥን ከታች ተደርድሯል። ሠርካለም በጉልበቷ ሄዳ ጣታቸውን በሁለት እጇ ይዛ ሳመቻት፤ ብዙ ጊዜ ሳመቻት።

በማግስቱ ጥምቀቱ ካበቃ በኋላ ቄስ ይሻው ተጠርተው መጡ። ጥምጥማቸው ከጠበሉ ገና እርጥብ ነው። ጥቁሩን መስኮት አዩና ፊታቸው ጨለመ።

«ልጄ፣ ጭንቀትሽ ይገባኛል። ግን ይህ ቃል ነው? ባዶ ሳጥን እኮ ነው የማየው። እኔ ለነፍስሽ እፈራለሁ።»

መሪጌታ ደማቸው ፈላ። ይሻው! ያ ሰነፍ ይሻው! ጣቲቱ ተነሣች። ሠርካለም ምልክቷን በዜማ ተከተለቻት፤ ቄስ ይሻውም ሳያስቡት አብረው ማዜም ጀመሩ። ቀ፣ ቁ። ሳጥን ተጻፈች። ጠ። ሳጥን ተጻፈች። ረ፣ ሩ፣ ሪ፣ ራ፣ ሬ፣ ር። ሳጥን ተጻፈች።

«ቁጠር» አሉ ቄስ ይሻው። በልጅነታቸው ፊደል ሲያምታቱ አርጩሜ ይዘው አጠገባቸው የሚቆሙት የኔታ ሌላ ቃል አልነበራቸውም፤ ቁጠር፣ ቁጠር ነበር። ቄስ ይሻው ጥምጥማቸውን እንዳደረጉ መሬት ላይ ተቀመጡ። «ኧረ ይቅር ይበሉኝ የኔታ! እሳቸው ናቸው! በሥላሴ ስም፣ እሳቸው ናቸው! ቃላቸው ነው!»

መሪጌታ በእሳቸው ፊት ይፍታሽን ደገሙት። ቄሱ አራቱንም ሳጥን በታላቅ ድምፅ ቆጠሩና ሠርካለምን መስቀላቸውን አሳለሟት። ጌጤ በሩ ላይ ቆማ እልል አለች። ምን እንደተባለ ሳጥኑ ላይ አላየችም፤ ሰው ሲያለቅስ አይታ ነው።

ሰዎቹ ሲሸኙ አባትና ልጅ ብቻቸውን ቀሩ። ሠርካለም ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች።

«አባ» አለች። «ፈትተውኛል፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ግን አሁን እንዳሉ አወቅሁ። ለእቴ ጌጤ ይህ ሁሉ ሳጥን ነው። አባ ይሻው ማታ ማታ እየመጣሁ እቆጥርላቸዋለሁ ብለዋል፤ ቀኑን ሙሉ ግን ማን አለዎት? እውነቱን ይንገሩኝ። ልሂድ ወይስ ልቅር? ያሉኝን አደርጋለሁ።»

ምልክቷ ሀ ላይ ቆማ ነበር። መሪጌታ አልተጫኑም። ለ፣ ሐ፣ መ አለፈች። ቅሪ ለማለት ሁለት ፊደል ነው የሚበቃው። ልጃቸው ታውቃቸዋለች፣ ታነባቸዋለች፤ ስትወጣ እንደገና ያ ግድግዳ ነው፣ እንደገና ከንፈር የሚመጥጡ ጎረቤቶች ናቸው። ፈሩ። በዚያች እሑድ ደጀ ሰላሙ ላይ እንደፈሩት፣ ከዚያም ይበልጥ ፈሩ። ምልክቷ ቀ ላይ ደረሰች። ጣቲቱ ቁልፉ ላይ ተንቀጠቀጠች።

ምልክቷ «ቀ»ን አልፋ ወረደች። እስከ ታች ወርዳ ፐ ጋ ደረሰችና ወደ ላይ ተመለሰች። ሀ። ተጫኑ።

«ሀ፣ ሁ፣ ሂ» አለች ሠርካለም። ጠብ አለች ጣቲቱ። ልጅቷ ገባት፤ ግን አላቋረጠቻቸውም፣ እንባዋን በክንዷ እየጠረገች ሁለተኛውን እስኪጨርሱ ጠበቀች። ጀ፣ ጁ፣ ጂ።

ሚኒባሱ የወሰዳት በማለዳ ነው። መሪጌታ ጥሩንባውን ሰሙ፤ ከዚያ ሌላ ባጃጅ፣ ከዚያ ሌላ። ላፕቶፑ እንደተሰካ ነው፣ ኪቦርዱ ከጣታቸው ሥር ነው፣ ጋቢው እጃቸውን እንዳይሸፍን ጌጤ ምላለች። ባቄላዋን ይዛ እዚያው ልጅቷ ቦታ ተቀመጠች።

ጀንበር ስታዘቀዝቅ መሪጌታ ጣታቸውን አነሡ። ምልክቷን ጠበቁ። ቀ ላይ ተጫኑ፣ ሳድስ ላይ ተጫኑ። ረ ላይ ተጫኑ፣ ሣልስ ላይ ተጫኑ። ከታች ሁለት ሳጥን ተጻፈ። ጌጤ ባቄላዋን አስቀምጣ ቀረብ አለች፣ ዓይኗን አጥብባ አየች፣ አቧራ መስሏት መስታወቱን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች።

«ምን አልህ፣ ወንድምዓለም?» አለች። «ይሻው አሁን ይመጣል፣ ያነብልሃል።»

የቄስ ይሻው ኮቴ ግቢው ውስጥ ተሰማ። መሪጌታ ሁለቱን ሳጥን አዩ። ይሻው ካየው ይነግራታል፤ ከነገራት ትመለሳለች። መብራቴ፣ አሉ በልባቸው፣ ያን ዕለት የረገምሁሽን ይቅር በይኝና እባክሽ ሂጂ።

ቄሱ በሩን ሲከፍቱ መብራት ሄደ። መስኮቱ ከነሳጥኑ ድርግም አለ።

«እንዴት ዋሉ የኔታ?» አሉ ቄስ ይሻው፣ በሩ ላይ በትራቸውን እያስደገፉ። «እትዬ ጌጤ፣ ዛሬ ምን ብለው ዋሉ?»

«ኧረ ምንም አላለም» አለች ጌጤ። «ሁለት ባዶ ሳጥን ነው።»